ቀጭን ሆኜ ሳለ በልቤ ዙሪያ ስብ ታየ ተባልኩ

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሹፌር
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 47 ነው፤ በጅቡቲ መስመር እሠራለሁ። ክብደቴ 70 ኪሎ ነው፤ ሰው ሁሉ ቀጭን ይለኛል፤ ሆዴ ግን ወጣ ብሏል። ደረቴን ጨነቅ ሲያደርገኝ የልብ አልትራሳውንድ ታየሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ በልቤ ዙሪያ ውኃ ያለ መስሎት ነበር፤ ደግሞ ካየ በኋላ «ስብ ነው» አለኝ። ምግብ ሳልቀምስ የተለካው ስኳሬ 112፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ደግሞ 210 ሆነ። ሥጋ የምበላው በበዓል ነው፤ ጾምም አልገድፍም። ታዲያ ይህ ስብ ከየት መጣ? በመድኃኒትስ ይጠፋል?

መልስ፦ የልብ ክፍል ነርስ
ወንድሜ፣ በልቡ ላይ ስብ የሌለው ሰው የለም። በጤናማ ሰውም ዘንድ ለልብ ጡንቻ ነዳጅ ያቀብላል፤ የልብን ደም ሥሮችም ይደግፋል። ጉዳት የሚያመጣው ሲበዛ ነው። ይህን ስብ ከልብ ጡንቻ የሚለይ ግርዶሽ የለም፤ ደም የሚያገኙትም ከአንድ ምንጭ ነው። ስለዚህ ስቡ በዝቶ ሲቆጣ የሚያመነጨው ነገር ሁሉ በቀጥታ ወደ ጡንቻውና ወደ ደም ሥሮቹ ይዘልቃል። ከደም ሥር መጥበብና ከልብ ምት መዛባት ጋር የሚያያዘው ለዚህ ነው።

ሚዛን ይህን አያሳይህም፤ ወገብህን ለካ። ከቁመትህ ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ቁመትህ 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 85 ማለት ነው። ሥጋ አለመብላትህ ብቻውን አያድንህም፤ ጉበት ከተረፈው ስኳርና ዱቄት ራሱ ስብ ይሠራል። ትራይግሊሰራይድህ ከ150 ያለፈውም ከዚህ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ላይ ምን ትጠጣለህ?

መልስ፦ ከነታንያ ከተማ፣ እስራኤል
ወላጆቻችን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲገቡ የስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ያውም ብዙ ሳይወፍሩ። እናቴ መርፌ ስትጀምር ቀሚሷ እንኳ አልጠበባትም ነበር። «ቀጭን ነኝ» ብላችሁ ምርመራ አትተዉ፤ እባካችሁ።

ጠያቂው፦
ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ስለሚከብድ ለስላሳ እደጋግማለሁ፤ ሻዬም ስኳር ይበዛበታል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ፤ መቼ ልንቀሳቀስ?

የልብ ክፍል ነርስ፦
ለስላሳውን በውኃ ለውጥ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን አድርግ። ጋላፊ ድንበር ላይ ተራ ስትጠብቅ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ፈጠን ብለህ ተራመድ። ይህ ስብ ክብደት ሲቀንስና ሰውነት ሲንቀሳቀስ ይቀንሳል። ለስኳር ሕመም ከሚታዘዙት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሴማግሉታይድ፣ እንደሚቀንሱት ታይቷል፤ ለአንተ ያስፈልግ እንደሆነ ግን የሚወስነው ሐኪምህ ነው።

የደረትህን ነገር በስቡ አታሳብብ፤ ከሚቀጥለው ጭነት በፊት የልብ ሐኪም ይይህ። መንገድ ላይ ጭንቀቱ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከዘለቀ፣ ወይም ላብ ካጠመቀህ፣ መኪናውን አቁምና ረዳትህ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል እንዲያደርስህ አድርግ።