«የበቀል ግዢ» ማንን ለመበቀል ነው?

ነገረኛው፦
ትናንት አንዱ እዚህ «የወረርሽኝ ገደብ ሲላላ ሕዝቡ ያመለጠውን ሁሉ በአንዴ ይገዛዋል፣ የበቀል ግዢ ይባላል» ብሎ ለጥፎ ስንቱ አጨበጨበለት። በቀል? ማንን? የገዛ ኪሱን? እኔ ስድስት ወር ፀጉሬን ሳልቆረጥ ከርሜያለሁ። ፀጉር ቤቱ የተከፈተ ቀን ሄጄ የተቆረጥኩት አንዴ ነው። የቀረውን አምስት ጊዜ ማን ይቆረጥልኝ?

ቆጣሪው፦
«አንዱ» እኔ ነኝ። ስሜን ብትጠራው ምላስህ አይቃጠልም። ቻይና ጓንዡ ውስጥ በ2020 ገደቡ ሲነሳ ውድ ቦርሳ የሚሸጠው የፈረንሳዩ ኤርሜስ አንድ ሱቅ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 2.7 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ ተዘግቧል። ይሄ በቀል ካልሆነ ምንድነው?

ነገረኛው፦
ሀብታም ቦርሳ ገዛ! ሰበር ዜና! እኔ የጠየቅኩህ ስለ ፀጉሬ ነው።

ፊደል ጠባቂ፦
ይቅርታ፣ «ግዥ» ነው እንጂ «ግዢ» አይባልም።

የማታ ወፍ፦
ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ቤት የተዘጋበት ሰው እኮ መግዛቱን አላቆመም። ከአገልግሎት ወደ ዕቃ ዞረ እንጂ። ሆቴል፣ ሲኒማና አውሮፕላን ሲቀር ቴሌቪዥን፣ ሶፋና የቢሮ ወንበር ተገዛ። ሲከፈት ደግሞ ተገላበጠ። የአሜሪካውን የችርቻሮ ሱቅ ታርጌት አስታውሱ። በሜይ 2022 የሩብ ዓመት ትርፉ በግማሽ ያህል ወረደ። አክሲዮኑ በአንድ ቀን ሩቡን አጣ። መጋዘኑን በቴሌቪዥንና በቤት ዕቃ ሞልቶ ሲጠብቅ ሰዉ የጉዞ ሻንጣ ይፈልግ ነበር።
እኔም ያኔ ቤት ውስጥ የሚነዳ ብስክሌት ገዝቻለሁ። አሁን እጀታው ላይ ሁለት ሹራብ፣ ኮርቻው ላይ አንድ ፎጣ ተሰጥቶበታል።

ቆጣሪው፦
ይኸው! ሻንጣ ገዙ አልሽ አይደል? ያመለጣቸውን ጉዞ ሊያካክሱ እኮ ነው። እኔ ያልኩትን ነው ያልሽው።

የማታ ወፍ፦
ኧረ በፍጹም። «ሁሉ» ያልከው አንተ ነህ። የተራዘመ ሠርግ አንድ ቀን ይደገሳል፣ እሺ። የቀረ ፀጉር ቆረጣ ግን ቀረ። ሶፋ ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒው ነው። በ2020 የገዛ ሰው በ2022 አይገዛም። ከነገው ተበድሮ ነው የገዛው። ታዲያ የቱ ነው በቀሉ?

መጋዘነኛው፦
እህቴ እውነቷን ነው። እኔ ዕቃ አስመጪ ቤት ነው የምሠራው። የቢሮ ወንበር ሲጠፋ ሰዉ ሲለምነን ከረመ። አለቆቻችን እጥፉን አዘዙ። ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ከ100 በላይ መርከቦች ወረፋ የያዙበት ጊዜ ነው፣ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። ዕቃው ሲገባ ሰዉ ቢሮው ተመልሷል። ካርቶኑ ጣሪያ ነክቶ፣ የታችኞቹ ተጨፍልቀው፣ በቅናሽ እንኳ ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም።

ዳር ተመልካች፦
እኔ «ገደቡ ሲላላ» የምትለዋ ናት የማትዋጥልኝ። ገደቡ ነው እንዴ ሰዉን ቤት ያስቀመጠው? ጉልስቢና ሲቨርሰን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አሜሪካን በስልክ መረጃ አጥንተዋል። ወደ ንግድ ቤቶች የሚሄደው ደንበኛ በ60 በመቶ ቀንሶ፣ ከ60ው ነጥብ ሕጉ ያመጣው 7ቱን ብቻ ነው። ሌላው ፍርሃት ነው። ገደቡ ሲነሳም የተመለሰው ያችኑ ያህል ነው።

ቆጣሪው፦
ጥናት መርጦ ማምጣት ማንም ይችላል። ዴንማርክና ስዊድንስ? ዴንማርክ ዘጋች፣ ስዊድን ብዙውን ክፍት ተወች። ልዩነት ነበረው።

ዳር ተመልካች፦
ጥሩ አድርገህ አመጣህልኝ። የዴንማርክ ሸማቾች ወጪ በ29 በመቶ ወረደ፣ የስዊድን በ25። ለአራት ነጥብ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?

ቆጣሪው፦
አራት ነጥብ በአገር ደረጃ ስንት ቢሊዮን እንደሆነ አስበው። ደግሞ ቁጠባውን ረሳችሁት። በኤፕሪል 2020 አሜሪካኖች ከገቢያቸው ከ30 በመቶ በላይ ቆጥበዋል። ያ ገንዘብ የት ሊሄድ ነው?

የማታ ወፍ፦
«አሜሪካኖች» ስትል እነማን? ከቤቱ ሆኖ የሠራውና ደመወዙ ያልተነካው ቆጠበ። ከሥራ የተባረረው አስተናጋጅ መንግሥት የሰጠውን የድጎማ ቼክ ለቤት ኪራይ ከፈለ። ቻይናንም እይ። በ2022 የቤተሰብ የባንክ ተቀማጭ በ17.8 ትሪሊዮን ዩዋን አደገ። በዲሴምበር ገደቡ ሲነሳ ሁሉም የግዢ ዶፍ ጠበቀ። የቤት ገበያው ተናግቶ፣ ሰዉ ስለ ሥራው ሰግቶ፣ ብዙው ገንዘብ ባንክ ቁጭ አለ።

ቆጣሪው፦
እኔ ጓንዡ ስል «ሀብታም ነው» ተባልኩ። አንቺ ቻይና ስትዪ ግን ማስረጃ ሆነ?

ነገረኛው፦
አንድ ሱቅ በአንድ ቀን የሸጠውና አገር ሙሉ ያስቀመጠው እኩል ነው? ምነው ቆጣሪው፣ ስምህ እኮ ቆጣሪ ነው!

ፊደል ጠባቂ፦
አሁንም «ግዥ» ነው።

መጋዘነኛው፦
አንተ ሰውዬ፣ እኔ 400 ወንበር አለብኝ፣ አንተ ስለ «ዢ» ትጨቃጨቃለህ?

ቆጣሪው፦
ለፀጉር ምሳሌ መልስ አልሰጥም። ማታ ተመልሼ ስለ ቁጠባው በዝርዝር እጽፋለሁ።

ነገረኛው፦
ባለፈውም «ማታ» ብለህ ነበር የጠፋኸው።

የማታ ወፍ፦
እስከዚያው ብስክሌቱን የሚወስድልኝ ሰው አለ? ሹራቦቹን አነሳለሁ።