የቢቸር ቤተሰብ ደብዳቤ አልነበብ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የድሮ የእንግሊዝኛ እጅ ጽሑፍ የለመዳችሁ ካላችሁ አንድ በሉኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ተቀምጫለሁ።

ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ስለ አሜሪካዊው ፕሮቴስታንት ሰባኪ ላይማን ቢቸር (እ.ኤ.አ. 1775–1863) ልጽፍ የቤተሰቡን ወረቀቶች በቅጂ እያነበብኩ ነው። አባትየው በ1832 ሌን ሴሚናሪ የተባለውን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሊመራ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ፤ ልጆቹም በየስቴቱ ተበተኑ። ታዲያ አንዱ ጽፎ ይልካል፣ ተቀባዩ የራሱን ጨምሮ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። በየአገሩ ለተበተንን ወንድምና እህቶች ይህ አንጀት ይበላል።

ችግሬ እዚህ ላይ ነው። እስከ 1845 ድረስ የፖስታ ዋጋ በወረቀት ብዛትና በርቀት ይቆጠር ስለነበር፣ ገጹ ሲሞላባቸው ወረቀቱን ወደ ጎን አዙረው በተጻፈው ላይ ደግመው የሚጽፉ ነበሩ። የኔው ገጽ እንደ ወንፊት ተጠላልፏል። ቀን የለውም፣ ፊርማው «ኤች» ብቻ ነው። ከልጆቹ ደራሲዋ ሃሪየት ትሁን ሰባኪው ሄንሪ?

ጠርዙ ላይ በደበዘዘ ማኅተም «ኢንዲያ...» የሚል ይታያል። ሄንሪ ከ1839 እስከ 1847 ኢንዲያናፖሊስ ነበር። ግን ማኅተሙ የሚናገረው መጨረሻ የላከውን እንጂ ሁሉንም ጸሐፊ አይደለም፤ ስለዚህ አላመንኩትም።

ምስሉን አጉልቼ፣ ቀለሙን ገልብጬ ሞክሬያለሁ። የተደራረበውን መስመር የምትለዩበት ዘዴ ምንድን ነው? የሁለቱን እጅ ጽሑፍ የምታውቁስ፣ ከየትኛው ፊደል ልጀምር?