ፒተርማን ደሴት ለሁለተኛ ጊዜ፦ የድሮውን ፎቶ ከአሁኑ እንዴት ላወዳድር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አንታርክቲክ ፔኒንሱላ ያለችውን ፒተርማን ደሴት እ.ኤ.አ. በ2012 ፌብሩዋሪ አይቻታለሁ። ዘንድሮ ኖቬምበር መጨረሻ ልመለስ ነው፤ የድሮ ፎቶዎቼም አሉኝ። በፔንግዊኑና በበረዶው ላይ የመጣውን ለውጥ በምን ልለይ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወሩ ላይ እናውራ። በኖቬምበር ደሴቷ የክረምቱን በረዶ ገና አላወለቀችም፤ በፌብሩዋሪ ድንጋዩ ይገለጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥክ «በረዶው ጨመረ» ልትል ነው። የበረዶ ግግሩን ዳርቻ ማወዳደር የሚቻለው በተመሳሳይ ወር፣ ያውም በበጋው ማብቂያ ነው።

ቋጥኞቹን ግን ማነጻጸር ትችላለህ። ከድሮው ፎቶ አንድ ቅርብና አንድ ሩቅ ቋጥኝ ምረጥ። ቅርቡ ሩቁን የሚጋርደው ልክ እንደ ድሮው እስኪሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈቀቅ በል። ሌንሱም ያው ይሁን፤ 24 ሚሊሜትር ከነበረ 24። ቦታው ላይ ጎጆ ከተሠራበት ተወው።

መልስ 2
ዝርያውን ሳትለይ አትቁጠር፤ የፒተርማን ትልቁ ለውጥ እሱ ነው፤ አዴሊ የሚባለው ፔንግዊን እየቀነሰ ጄንቱ የሚባለው በዝቷል። ጄንቱ ምንቃሩ ብርቱካንማ ነው፤ በአናቱ ላይ ከዓይን እስከ ዓይን ነጭ መቀነት አለው። አዴሊ ጭንቅላቱ ድፍን ጥቁር፣ የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት።

ለቆጠራ ኖቬምበር መጨረሻ ጥሩ ነው፤ እንቁላል ታቅፈው ይተኛሉ። የተያዘ ጎጆ ብቻ ቁጠር፣ ወዲያ ወዲህ የሚለውን እለፈው። ሦስቴ ቆጥረህ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ድገም። የፌብሩዋሪ ፎቶህ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ያኔ ጫጩቶቹ ጎጆ ለቀው በመንጋ ይሰበሰባሉ።

ኩሱም ይናገራል፦ ሮዝ ከሆነ ክሪል (ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ) በልተዋል፣ ነጭ ከሆነ ዓሣ፣ አረንጓዴ ከሆነ ሆዳቸው ባዶ ነው። በድሮ ፎቶህ በረዶው ቀልቶ ካየኸው ግን ሁሉም ኩስ አይደለም፤ በረዶ ላይ የሚበቅል አልጌም ያቀላዋል።

መልስ 3
በኖቬምበር ወደ ደሴቷ የሚያደርሰው የሌሜር መተላለፊያ (ጠባብ የባሕር መንገድ) በባሕር በረዶ ሊዘጋ ይችላልና ሌላ ደሴት በእቅድህ ያዝ። መዘጋቱን እንደ አየር ንብረት ማስረጃ አትቁጠረው፤ ነፋስ በአንድ ሌሊት ያመጣዋል፣ ይወስደዋልም።

ከወፎቹ ቢያንስ 5 ሜትር ራቅ። በወፍ ጉንፋን ምክንያት መሬት ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክና ቦርሳ ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ ስለ ካሜራ መቆሚያህ አስጎብኚውን ቀድመህ ጠይቅ። የቦቲህን ሶል ጥርስ በብሩሽ ፈልቅቅ፣ ዘር የሚደበቀው እዚያ ነው። መለዋወጫ ባትሪ በውስጥ ኪስ፤ ወደ መርከብ ከመግባትህ በፊት ካሜራውን ከረጢት ውስጥ አስረህ አስገባው፣ አለዚያ ሌንሱ ላብ ያወጣል።