ከጭንቅላት ጨረር በኋላ የወጡ ጥቁር ነጥቦች፦ የደም ሥር ለውጥ ወይስ ዕጢው ተመልሶ?

የጦሳ ልጅ
ሰላም ለቤቱ። ታካሚው የ14 ዓመት ልጅ ነው። ለሜዱሎብላስቶማ (በልጆች የኋላ አንጎል ላይ የሚወጣ አደገኛ ዕጢ) ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት መላ ጭንቅላቱና አከርካሪው ጨረር ወስዷል፤ ካለቀ 6 ዓመት ሆኗል። ምንም ሳያመው ደሴ ላይ ለክትትል የተነሳው ኤምአርአይ፣ በፊት ያልነበሩ ሰባት ጥቁር ነጥቦችን በኤስደብሊውአይ (ደምና ብረትን አጥቁሮ በሚያሳይ የኤምአርአይ አነሳስ) ያሳያል። ትልቋ 8 ሚሊ ሜትር ናት፤ ግራ ቴምፖራል (በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል) ላይ ነች፣ ኮንትራስትም (በደም ሥር የሚሰጥ ማድመቂያ) የያዘች ትመስላለች። ሪፖርቱ «ዕጢው መመለሱን ማስቀረት አይቻልም» ብሎ ቆሟል። ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ነው። ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ምን ማጣራት ይቻላል?

ቦርከና
አብሽሩ ዶክተር፣ እዚያው ብዙ ይጣራል። በቅድሚያ ቀኑን አስተካክሉ። የጨረር ካርዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ፊልሙ በፈረንጅ ተጽፎ ሲደባለቅ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይጠፋል። ሰኔ 2010 ያለቀ ጨረር በፈረንጅ 2018 ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚታየው እብጠት ብዙ ጊዜ ዕጢ ያደገ የሚያስመስል የውሸት እድገት ነው፣ ኔክሮሲስ (በጨረር የሞተ የአንጎል ሥጋ) በብዛት ከ6 ወር እስከ 2 እና 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ካቨርኖማና ካፒላሪ ቴላንጂኤክታዚያ (የመጀመሪያው የተለጠጡ የደም ሥሮች ስብስብ፣ ሁለተኛው የሰፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች) ግን ዓመታት ቆይተው ነው የሚወጡት፤ በተለይ በልጅነት ጨረር በወሰዱ ላይ።

ካቨርኖማ በቲ2 (ፈሳሽን ነጭ አድርጎ በሚያሳይ የኤምአርአይ አነሳስ) መሃሉ እንደ ፈንዲሻ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ነው፤ ዙሪያውን ሙሉ ጥቁር ቀለበት ይከበዋል፣ በቅርቡ ካልደማ በአካባቢው እብጠት የለውም። ቴላንጂኤክታዚያ በቲ2 አይታይም ማለት ይቻላል፣ በኤስደብሊውአይ ይጠቁራል፣ ከኮንትራስት በኋላ ደግሞ በቡሩሽ የተነካካ ይመስላል።

አደራ፣ መጠኑን በኤስደብሊውአይ አትለኩ። ከደሙ የቀረው ብረት ጥላውን ያሰፋዋል። የድሮው ምስል ቲ2 ስታር (ደምን ከኤስደብሊውአይ ባነሰ የሚያሳይ አነሳስ) ሆኖ አዲሱ ኤስደብሊውአይ ከሆነ፣ ያላደገው ሁሉ «አድጓል» ተብሎ ይጻፋል። ልኬቱ በተራ ቲ2 ይሁን።

ሐይቅ ዳር
በቦርከና ላይ ልጨምር። «ኮንትራስት ይዛለች» የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት ኮንትራስት ሳይሰጥ የተነሳውን ቲ1 የተባለውን የኤምአርአይ ምስል ክፈቱ። ቀናት ያለፈው ደም በራሱ ነጭ ነው፤ በኋላ ያለውን ምስል ብቻ ያየ ሰው ዕጢ ይለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ፣ ማሽኑ ማቀናነስ ከቻለ አንዱን ከሌላው ቀንሱ።

ፐርፊውዥን (ወደ ቦታው የሚገባውን ደም የሚለካ የኤምአርአይ ምርመራ) ይሠራ የሚል ሰው ይመጣል። ለኔክሮሲስ ጥሩ ነው፦ ዕጢ የደም መጠኑ ከፍ ይላል፣ ኔክሮሲስ ይወርዳል። ጋዶሊኒየም (ኮንትራስቱ) በኪሎ 0.1 ሚሊሞል፣ በ18 ወይም 20 ቁጥር ካኑላ፣ በሰከንድ 4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር መገባት አለበት፤ በእጅ ቀስ ተብሎ ከተሰጠ የደም ፍሰቱ ኩርባ አይወጣም። ነገር ግን ብረት ያለበት ነጥብ ላይ ይህ ምርመራ አይታመንም። ብረቱ ሲግናሉን ስለሚያጠፋው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢወጣም «ዕጢ የለም» አያሰኝም።

ሜዱሎብላስቶማ ሕዋሱ የታጨቀ ስለሆነ በዲፊውዥን (የውሃን እንቅስቃሴ በሚያሳይ ምስል) ነጭ፣ በኤዲሲ (ከዚያው በሚሰላ ካርታ) ጥቁር ይሆናል። ትኩስ ደምም ይህን ሊመስል ስለሚችል ለብቻው አትፍረዱበት። ጥቁሩ ካልሲየም ከሆነ ያለ ኮንትራስት የተነሳ ሲቲ ይለየዋል፤ ጨረር ትንንሽ የደም ሥሮችን ጎድቶ ካልሲየም ያስቀምጣል።

የጦሳ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ከኮንትራስት በፊት ያለውን ቲ1 አየሁት፤ 8 ሚሊ ሜትሯ እዚያም ነጭ ናት፣ ከኮንትራስት በኋላ አልጨመረችም። በቲ2 ሙሉ ጥቁር ቀለበት አላት፣ እብጠት የለም።

ቦርከና
እንግዲያው የደማ ካቨርኖማ ነው የምትመስለው፤ ለናሙና የምትወጋ አይደለችም። ይህ ዕጢ የሚዛመተው በአንጎል ፈሳሽ በኩል ነው፤ ስለዚህ ዓይናችሁን ከነጥቦቹ አንስታችሁ የቬንትሪክሎቹን (ፈሳሹ ያለባቸውን የአንጎል ክፍተቶች) ግድግዳ፣ የሴሬቤለምን (የኋላ ትንሹ አንጎል) ሽፋንና አከርካሪውን ከኮንትራስት በኋላ ተመልከቱ። እዚያ ጉብታ ከሌለ ከ3 ወር በኋላ በዚያው ማሽንና በዚያው ሲኩዌንስ (የአነሳስ ዓይነት) ይደገም። ጨረር ያመጣው ግሊዮማም (ሌላ ዓይነት የአንጎል ዕጢ) በዓመታት ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥ። ድንገተኛ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሲቲ ይምጡ።

ሐይቅ ዳር
አዲስ አበባም የሚሄዱ ከሆነ ፊልም ብቻ አታሲዟቸው። ሙሉውን ሲዲ፣ የጨረሩን መጠንና ያረፈበትን ቦታ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ዴክሳሜታዞን (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ወስዶ ከሆነም ስንት ሚሊ ግራም እንደነበር ጻፉላቸው፤ መድኃኒቱ ከኮንትራስት በኋላ የሚታየውን የዕጢንም የኔክሮሲስንም ነጭ ያሳንሳል።