የኢጋድ ትንበያ ደላንታ ላለ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል?

የደላንታዋ ልጅ፦
ሰላም ወሎዬዎች እንደምን ናችሁ። ግራ የገባኝን ነገር ልጠይቃችሁ። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ፣ ማለት የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርጅት፣ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ የሚሉት፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ለ11 ሀገር የወቅት ትንበያ ያወጣል አይደል፣ ካርታውን ቴሌግራም ላይ ነው የማየው። አባቴ ደግሞ ደጋው ላይ በበልግ ገብስ ይዘራል፣ በልጉ ከቀረ ዓመቱ ተበላሸ ማለት ነው ምክንያቱም የክረምቱን ሰብል አንዳንዴ ውርጭ ይመታዋል አንዳንዴ ጥቁር አፈሩ ውሃ ቋጥሮ ያበሰብሰዋል። እና ካርታው ላይ ወሎ አረንጓዴ ሲቀባ ዝሩ ማለት ነው? ቡናማ ሲሆንስ ዘሩን ይዞ ይቆይ? የቀጠና ትብብር፣ ክላይሜት አዳፕቴሽን (ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ) ሲባል ሁሌ እሰማለሁ፣ እኛ ቀበሌ ድረስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነው ማወቅ የፈለግኩት። የምታውቁ ንገሩኝ።

የዝናብ ነገር፦
እህታለም ጥያቄሽ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ቀለሙን ላስረዳሽ። ካርታው ይዘንባል አይዘንብም አይልም፣ ሦስት ዕድል ነው የሚሰጠው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20 በመቶ ሆኖ አረንጓዴ ቢቀባ ከአምስት አንዱ ዕድል አሁንም የዝናብ እጥረት ነው፣ ይሄ ሳይነገረው "ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ነው" የተባለ ገበሬ ያለውን ዘር በሙሉ መሬት ላይ ያፈሳል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የወራቱ ነገር ነው። የነሱ የመጀመሪያ ወቅት በፈረንጅ ከማርች እስከ ሜይ ነው የሚቆጠረው፣ ለኬንያና ለደቡብ ሶማሊያ ትልቁ ዝናብ እሱ ስለሆነ። የኛ በልግ ግን ፌብሩዋሪ ላይ ይጀምራል፣ ስለዚህ አባትሽ አርሶ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ገና ካርታው ውስጥ የለም። ደግሞ የዚያ ወቅት ዝናብ ለመተንበይ ከሌሎቹ ይከብዳል። የክረምቱ ይሻላል፣ ከኤልኒኖ ጋር፣ ማለት ከፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር፣ ጠንካራ ግንኙነት አለው። የ2007 ክረምት እኛ ጋ የጠፋው በኤልኒኖ ነው፣ በማግስቱ ዓመት በሀገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር።

እኔ ብሆን በካርታው ብቻ አልወስንም። እሱን ዘርና ማዳበሪያ ለማሰብ እጠቀምበታለሁ፣ የሚዘራበትን ቀን ግን የሀገራችን ሚቲዎሮሎጂ በየ10 ቀኑ የሚያወጣውን አይቼ ነው፣ ዘሩንም ከፍዬ በተለያየ ጊዜ።

ወረኢሉ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ ግን እኔ በዚህ ኢጋድ ምናምን ተስፋ ቆርጫለሁ። ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ መግለጫ ያወጣሉ፣ እኛ ጋ ግን ልማት ጣቢያ ያለው ልጅ እንኳን ወረቀቱን አላየውም። መጀመሪያ ለገበሬው ይድረስ ከዚያ ስለ ቀጠና እናውራ።

ሐብሩ ዲኤ፦
ወንድሜ ወረኢሉ አይደርስም ያልከው እውነት ነው፣ እኔም የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ስለሆንኩ ያንገበግበኛል። ግን ትብብሩ ይቅር ካልክ አንበጣውን አስታውስ። በ2018 በፈረንጅ ሁለት ሳይክሎን የዓረብ በረሃ ላይ ዝናብ ጣለና አንበጣው እዚያ ማንም ሳያየው ተራባ፣ ከዚያ የመን ገባ፣ የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች በቂ ክትትል አልነበረም፣ ከዚያ ቀይ ባሕርንና ኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ ሶማሊያና ወደኛ። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2013 እኛ ጋ ሐብሩና ቆቦ ላይ ሲወርድ ማሽላውና ጤፉ ሊደርስ ነበር። ሰው ልጁን ይዞ ማሳ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ጅራፍ ሲያጮህ ዋለ፣ ምን ሊያደርግ ይችላል፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ በቀን የሚበላው ለ35,000 ሰው የሚሆን ነው፣ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ድረስ ይበራል። ይሄን ቀበሌ አያቆመውም፣ ክልልም አያቆመውም፣ የመንና ሶማሊያ ላይ ክንፍ ሳያወጣ ካልተረጨ ሐብሩ ላይ ከደረሰ አልቋል። ለዚህ ነው ጎረቤት ሀገር መረጃውን በሰዓቱ መስጠት አለበት የምለው።

ኢጋድ ራሱ እኮ በ1978 የተቋቋመው በድርቁ ምክንያት ነው፣ የ77ቱ የኛ እናትና አባት ያለቁበት ድርቅ ማለት ነው። ስለዚህ ወሎ ያ መሥሪያ ቤት የኔም ነው ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፣ መተው ሳይሆን መጠየቅ።

ባቲ ሰኞ ገበያ፦
አሰላሙ አለይኩም ጀመዓ። አያ ሐብሩ የተናገርከው ልክ ነው፣ እኔ ደግሞ ከናይሮቢ ቀረብ ላድርገው። ቀጠና ማለት ለኛ አፋር ነው። ታች ሣር ሲጠፋ የአፋር ወንድሞቻችን ከብትና ግመል ይዘው ወደ ባቲና ወደ ወረባቦ ጥግ ይወጣሉ፣ ሰኞ ገበያ ላይም አብረን ነን። ደግ ዓመት ከሆነ ገለባውን በልተው ማሳውን አዳብረው ይመለሳሉ፣ ክፉ ዓመት ከሆነ ግን ሰብሉ ሳይነሳ ይደርሳሉ ያኔ ነው ጸብ የሚነሳው። አንድ ወር ቀድሞ ወሬው ቢደርስ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው የት ይግጡ፣ የትኛው ውሃ ይከፈት፣ መቼ ይውጡ የሚለውን ይጨርሱታል፣ ይሄን ማድረግ ከጥንትም ያውቁበታል። የክረምቱ ካርታ ግንቦት አካባቢ ሲወጣ ቡናማ ከሆነ ወደ አፋርም ወደኛም በአንድ ቀን ይነገር፣ ከዚህ የበለጠ አዳፕቴሽን አላውቅም።

ውሃውም እንደዚያው ነው። ኩታበር ላይ የዘነበ ዝናብ በአንድ ወገን በበሽሎ ዓባይ ገብቶ ሱዳን ይወርዳል፣ በሌላ ወገን በቦርከና አዋሽ ገብቶ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ላይኛው እርከን ሲሠራ ታችኛው ከጎርፍ ይድናል፣ ላይኛው ወንዙን በሞተር ሲጨርስ ደግሞ ታችኛው በበጋ ይጠማል። እኛ ደጋውን በሴፍቲኔት ጉልበት ስናለማ ታች ያለው ሰው አንድም ጊዜ ስብሰባው ላይ ተጠርቶ አያውቅም፣ ይሄ ልክ አይደለም።

የደላንታዋ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ያክብራችሁ ሁላችሁንም። አሁን ገባኝ። የዝናብ ነገር፣ የ10 ቀኑን ከየት ነው የማገኘው? አባቴ ስልኩ ቁልፍ ያለው ነው፣ ኢንተርኔት የለውም።

የዝናብ ነገር፦
አብሽሪ። ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል፣ አንቺ እያየሽ በስልክ ንገሪው። ግን ቀለሙን አትንገሪው፣ "በዚህ 10 ቀን እርጥበቱ ለመዝራት ይበቃል ወይስ ይቆይ" በይው፣ እሱ ደግሞ መሬቱን ቆፍሮ እርጥበቱ ምን ያህል እንደገባ ይንገርሽ። የሱን መልስ እዚህ ጻፊልን፣ እኛ ካርታ የምናይ ሰዎች የሚጎድለን እሱ ነው።

ወረኢሉ፦
እንዲህ ከሆነ እኔም አለሁ። የኛን ቀበሌ ልማት ጣቢያ ልጅ ወደዚህ አመጣዋለሁ፣ ሐብሩ ዲኤ በውስጥ መስመር አናግረኝ።