ክርክር፦ ተኩስ ሜዳ ውስጥ ጂኦካሽ መደበቅ ይፈቀድ ወይስ ይቅር?

ተራራ ወዳጅ፦ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጂኦካሽ ማለት አንዱ ትንሽ ሳጥን ይደብቃል፣ ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ያሳውቃል፣ ሌላው ፈልጎ አግኝቶ ውስጡ ያለችው ደብተር ላይ ይፈርማል። እንግሊዝ አገር ዳርትሙር በሚባለው ሰፊ ደጋማ ምድር ላይ ሦስት የሠራዊቱ ተኩስ ሜዳዎች አሉ፦ ኦክሃምፕተን፣ ሜሪቬልና ዊልስዎርዚ። ተኩስ በሌለበት ቀን ለእግረኛ ክፍት ናቸው። ታዲያ እዚያ ሳጥን ቢደበቅ ምን ችግር አለው? ፈቃድ ይጠየቅ፣ አለቀ።

ቡና በጀበና፦ አይ ወንድሜ፣ ከማን ነው የሚጠየቀው? ዊልስዎርዚ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የራሱ ነው። ሌሎቹ ላይ ግን አብዛኛው መሬት የኮርንዎል ዱቺ፣ ማለትም የዙፋን ወራሹ ርስት ሆኖ፣ ሠራዊቱ በፈቃድ ነው የሚጠቀምበት። በዚያ ላይ ብሔራዊ ፓርክ ነው። አንዱን አስፈቅደህ ሌላው «ማን ፈቀደልህ?» ቢልህስ?

ተራራ ወዳጅ፦ ሁሉንም ትጠይቃለሃ! ደግሞ ዳርትሙር የዚህ ጨዋታ አያት ነው። ጄምስ ፔሮት የሚባል አስጎብኚ በ1854 እ.ኤ.አ. ክራንሚር ፑል ላይ ጠርሙስ አስቀምጦ፣ እዚያ የደረሰ ሁሉ የስም ካርዱን ይተው ነበር። ቦታው ዛሬ ኦክሃምፕተን ተኩስ ሜዳ ውስጥ ነው፤ ሰው አሁንም ይሄዳል።

የሰሜን ልጅ፦ መሄድና መፈለግ አንድ ነው እንዴ? እግረኛው መንገዱን ይዞ ያልፋል። ጂኦካሽ ፈላጊ ግን ድንጋይ ይገለብጣል፣ ስንጥቅ ውስጥ እጁን ይሰዳል፣ ጂፒኤሱ ደግሞ ጥቂት ሜትር ስለሚስት ዙሪያውን ሁሉ ይበረብራል። ማስጠንቀቂያው «ያገኛችሁትን ብረት አትንኩ» ይላል፣ ጨዋታው ደግሞ «ፈልገህ አንሳ» ይላል። እኛ አገር ጦርነት ካለፈ በኋላ እንኳ ልጆች ያልፈነዳ ነገር እያነሱ ስንት ጉድ ደርሷል። ተኩስ ሲኖር የሚሰቀለው ቀይ ባንዲራ ስለወረደ መሬት ውስጥ የቀረው አብሮ አይወርድም።

ቡና በጀበና፦ በዚያ ላይ ብዙ ሰው የሚመርጠው ሳጥን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የድሮ የጥይት ሳጥን! ዝናብ አያስገባም ብለው ነው። ተኩስ ሜዳ ውስጥ የጥይት ሳጥን ያየ ወታደር ምን ያስባል? በ2011 እ.ኤ.አ. እዚያው እንግሊዝ ዌዘርቢ ከተማ አንድ ምስኪን የፕላስቲክ ጂኦካሽ ቦምብ መስሏቸው ሰው ከአካባቢው አስወጥተው፣ ቦምብ አምካኞች አፈነዱት። ያ እንግዲህ ከተማ መሃል ነው።

ተራራ ወዳጅ፦ እሺ፣ የጥይት ሳጥኑን ተውኩት። ላዩ ላይ «ጂኦካሽ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ የሚታይ ዕቃ ይሁን። ከመንገዱ ዳር፣ ሳይበረበር የሚገኝ።

ዝም ያልኩት፦ ሳይበረበር ከተገኘ ምኑን ተደበቀ? 😂 ሳጥን የሌለው ዓይነት አለ እኮ፣ ኧርዝካሽ የሚሉት። ቦታው ድረስ ሄደህ ዐለቱን አይተህ ጥያቄ ትመልሳለህ፣ ምንም አትነካም። ዳርትሙር ደግሞ ዐለት ሞልቶታል።

ተራራ ወዳጅ፦ እሱማ የትምህርት ቤት ፈተና ነው። ደስታው ሳጥኑን ሲከፍቱት ነው።

የሰሜን ልጅ፦ ሳጥን ካማረህ ከቀይና ነጭ ምሰሶው ወዲህ ደብቅ። ምሰሶው የሜዳው ድንበር ነው፣ ከእሱ ወዲህ ያለው ዳርትሙር ቦታ አያሳጣህም። ያኔም ቢሆን ባለመሬቱን ጠይቅ። ምሰሶውን አልፎ ለሚደበቅ ግን፣ ሦስቱም ቢሮ ቢፈርምልህ እኔ ልጄን ይዤ አልፈልግም።

ተራራ ወዳጅ፦ አንተ አትምጣ፣ እኔ ደብዳቤዬን ነገ እጽፋለሁ።