ረጅም ሌንስ ለክሮፕ ካሜራ ለምን አይረክስም?

የጣና ዳር፦
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ነው፣ ልቤ ግን ሐይቁ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፔሊካኖችንና በደንገል ታንኳ የሚወጡ ዓሣ አጥማጆችን አነሳለሁ። ካሜራዬ ክሮፕ ነው፣ ማለት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ነው፣ 24 በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ። አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀላልም ርካሽም ነው። ሩቁን የሚያቀርበውን 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ስጠይቅ ግን ዋጋው ሰማይ ነክቷል! ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ ለምን ትንሽና ርካሽ 300 አይሠሩለትም? ወይስ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ) ገዝቼ ልገላገል?

ደንገል፦
ሌንሱ ከኋላው የሚጥለው የምስል ክብ በሴንሰሩ ልክ ነው፣ ለትንሽ ክብ ትንሽ መስታወት ይበቃል። ፉል ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ 43 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያንተ 28 ገደማ። 18-55 የረከሰው ለዚህ ነው። 300ውም መርከስ ነበረበት፣ ነጋዴው ነው የሚቆልለው።

ግዮን ማዶ፦
ደንገል፣ ስለ ክቡ ያልከው ልክ ነው፣ ነጋዴውን ግን ተወው። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (300 የሚባለው) ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የመክፈቻውን ስፋት ይሰጣል፤ 300ን ለ4 አካፍሉት፣ 75 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የፊተኛው መስታወት ከዚያ ማነስ አይችልም፣ ከኋላ ያለው ሴንሰር የፈለገውን ያህል ይሁን። ኤፍ 2.8 ከሆነ ደግሞ 107 ይሆናል። እንዲህ ያለ ትልቅና ጥራት ያለው መስታወት ማቅለጥና መሞረድ ነው ገንዘቡን የሚበላው። በረጅም ሌንስ ከክሮፕ የምታተርፈው ከኋላ ትንሽ መስታወት ብቻ ነው፣ ለዚህም ነው ፋብሪካዎቹ ለብቻው መሥራቱን ብዙም የማይፈልጉት።

ፉል ፍሬም ብትገዛ ደግሞ ሴንሰሩ 1.5 እጥፍ ስለሚሰፋ ያንኑ ፔሊካን ያንኑ ያህል ለማጉላት 450 ያስፈልግሃል። 450 ኤፍ 4 ማለት 112 ሚሊ ሜትር መስታወት ነው። ኤፍ 6 ይብቃኝ ካልክ ተመልሶ ያው 75 ነው፣ የሚሰበስበውም ብርሃን በጠቅላላው ያው ነው። አትገላገልም ወንድሜ።

የዘጌዋ፦
በሰፊ ሌንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል አንስታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ወደኋላ መሸሻ የለም። እዚያ ሌንሱ ጥግ ድረስ ጥርት ማለት አለበት፣ አለዚያ ዳር ላይ ያሉት ቅዱሳን ፊታቸው ይደበዝዛል። የትኩረት ርዝመቱ አንድ ከሆነ ይህን በ43 ሚሊ ሜትር ክብ ማሳካት በ28 ከማሳካት በጣም ይከብዳል። በዲኤስኤልአር (ውስጡ ሚረር ያለው ካሜራ) ደግሞ ሚረሩ መሃል ስላለ ሌንሱ ከሴንሰሩ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምስሉን ወደኋላ የሚገፋ ተጨማሪ መስታወት ይፈልጋል። 50 ኤፍ 1.8 የረከሰውም ይህ ጣጣ ስለሌለበት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የክሮፕ ምስል ሲታተም ይበልጥ ይጎላል። 36 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ፉል ፍሬሙ 10 ጊዜ፣ የክሮፑ 15 ጊዜ። የደከመ ሌንስ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

የጣና ዳር፦
ገባኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ። እንግዲያው ካሜራውን አልቀይርም። 70-300 ኤፍ 4.5-5.6 ብይዝስ?

ግዮን ማዶ፦
ያዘው። 300 ላይ መክፈቻው 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የዋጋው ልዩነት እዚያ ነው። የጣና ፀሐይ ከወጣች በኋላ ኤፍ 5.6 ይበቃሃል፣ ከንጋት በፊት ብቻ ይቸግርሃል። አሮጌ ከሆነ የምትገዛው በባትሪ ውስጡን እይ፣ እርጥበት ያለበት አገር ነን፣ ሻጋታ ይገባል።